ያልተቆፈረው ጉድጓድ

ይትባረክ ጣቱን ከማውሱ ላይ አነሳ፣ መለሰው፣ እንደገና አነሳ። ስክሪኑ ቀይ ነው። አሁንም ቀይ ነው። «ባዶ ቦታ አለ፤ አልቀበልም» ይላል ማሽኑ። አንዴ መሰላችሁ? መቶ አርባ ሦስት ጊዜ።

ከኋላው አቶ ሽመክት ቆመዋል፣ የዞኑ ውሃ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ። ቁልፋቸውን እጃቸው ላይ ያንቀጫቅጫሉ። ክልሉ መዝገቡን የሚዘጋው አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ነው፤ አሁን አሥር ከሩብ ሆኗል። አቶ ሽመክት ሰዓታቸውን አየት ያደርጋሉ። ያንቀጫቅጫሉ።

ይትባረክ ማነው? የጽሕፈት ቤቱ የመረጃ ባለሙያ ነው። ገና ሠላሳ ያልሞላው፣ ሥራውን የሚወድ፣ እሁድ እሁድ እንደናንተው መጥቶ ወንበር ላይ የሚቀመጥ ሰው። እንደናንተው ነው ያልኩት። ይቺን ያዙልኝ።

ነገሩ ደግሞ ቀላል ነው፤ ኮምፒውተር ነክታችሁ የማታውቁ አትፍሩ። አንድ ትልቅ ሠንጠረዥ አስቡ። እያንዳንዱ መስመር አንድ ጉድጓድ ነው፤ የተቆፈረም ይሁን ሊቆፈር የታቀደ። በዞኑ ስድስት መቶ አሥራ ሁለት አሉ። በየመስመሩ ደግሞ ብዙ ዓምድ አለ፤ የቀበሌው ስም፣ ጥልቀቱ፣ ዓመተ ምሕረቱ፣ ምናምን። እናንተ ሁለቱን ብቻ ያዙ።

አንደኛው ዓምድ «የሚጠበቅ ሁኔታ» ይላል። ይሄ ሲታቀድ ነው የሚሞላው፣ ቢሮ ውስጥ፣ ወንበር ላይ ተቀምጦ። ጉድጓዱ ሲያልቅ ምን ይሆናል? «አገልግሎት ይሰጣል»። ሁሉም ላይ እንደዚያ ነው የተጻፈው፤ አገልግሎት እንዳይሰጥ ብሎ ጉድጓድ የሚያቅድ አለ እንዴ?

ሁለተኛው ዓምድ «የአሁን ሁኔታ» ይላል። ይሄኛው ግን ሰው ሄዶ፣ በዓይኑ አይቶ፣ እጀታውን ጨብጦ ውሃ መውጣት አለመውጣቱን አረጋግጦ የሚሞላው ነው።

መቶ አርባ ሦስቱ ጋ ማንም አልሄደም። የመስክ ሞተር ብስክሌቷ ተበላሽታ ከጥር ጀምሮ ግድግዳ ተደግፋ ቆማለች። ስለዚህ መቶ አርባ ሦስቱ መስመር ላይ «የአሁን ሁኔታ» ባዶ ነው። የክልሉ መዝገብ ደግሞ ባዶ አይቀበልም።

ይትባረክ የሚሠራበት ፕሮግራም ስክሪኑ ላይ ትንንሽ ሳጥኖች አሉት፣ በመስመር የተያያዙ። መረጃው ከወረዳዎቹ በአንድ በኩል ይገባል፣ በሳጥኖቹ ውስጥ እያለፈ ይታጠባል፣ ይስተካከላል፣ በሌላው በኩል ክልሉ በሚፈልገው መልክ ይወጣል። አንዱ ሳጥን የተሳሳተ ስም ያርማል። አንዱ የተደገመውን ያወጣል። አንዱ ደግሞ ሥራው ይሄ ብቻ ነው፤ ከአንድ ዓምድ ያለውን ቃል ወስዶ ሌላ ዓምድ ውስጥ ይገለብጣል።

ይትባረክ ያቺን ሳጥን ጎትቶ መስመሩ መሀል ከተታት።

ከየት? አለችው ሳጥኗ። ከ«የሚጠበቅ ሁኔታ»።

ወዴት? ወደ «የአሁን ሁኔታ»፣ ባዶ የሆነው ላይ ብቻ።

ለጊዜው ነው፣ አለ በልቡ። ነገ ጠዋት አስተካክለዋለሁ። ከዚያ ተጫነው።

ሦስት ሰከንድ። ስክሪኑ አረንጓዴ ሆነ። ጭራሽ እንዴት ያምራል መሰላችሁ! አቶ ሽመክት ቁልፋቸውን ኪሳቸው ከተቱና ትከሻውን መታ መታ አድርገው፣ ይሄ ልጅ ባይኖር ምን ይውጠኝ ነበር እያሉ ወጡ።

እስቲ ልጠይቃችሁ። ይትባረክ ዋሸ?

ከራሱ አንዲት ቃል አልጻፈም እኮ። አንዲት ፊደል አልፈጠረም። ቃሉ እዚያው ሠንጠረዥ ውስጥ ነበር፣ ሕጋዊ ሰው የጻፈው፣ ማኅተም ያለው። እሱ ያደረገው ምንድን ነው? ከአንዱ ዓምድ ወደ ጎረቤቱ አሻገረው። ይኸው ነው። ይኸው ብቻ ነው።

ግን ያልተቆፈረ ጉድጓድ በሦስት ሰከንድ ውስጥ ውሃ መስጠት ጀመረ።

ነገ መጣ። ነገ ደግሞ ባዶ እጁን አይመጣም፣ የራሱን ሥራ ተሸክሞ ነው የሚመጣው። ከነገ ወዲያም እንደዚያው። ሚያዝያ አለፈ። ዞኑ በመረጃ አያያዝ ከክልሉ አንደኛ ወጣ ተባለ፤ የምስክር ወረቀት መጣ፣ በመስታወት ተደርጎ ኃላፊው ቢሮ ተሰቀለ፣ በግ ታረደ። ይትባረክም በላ። አጨበጨቡለት፣ እሱም አብሮ አጨበጨበ። ሲያጨበጭብ ግን አንድ ነገር ውስጡ ቅር አለው፣ ጫማ ውስጥ እንደገባች ጠጠር። አውልቆ አላራገፋትም። ቶሎ ቶሎ ተራመደባት።

በግንቦት አጋማሽ አንድ ማክሰኞ ረፋድ ላይ፣ ዘርፈፍ ያለ ቀሚስ የለበሱ፣ ነጠላቸው በመንገድ አቧራ የቀላ ሴትዮ ቢሮው በር ላይ ቆሙ። እትዬ ዘርትሁን ይባላሉ። የሰርዶ በር ቀበሌ የውሃ ኮሚቴ ሰብሳቢ ናቸው። ሰርዶ በር ከከተማው አርባ ሰባት ኪሎ ሜትር ነው፤ እሳቸው በአይሱዙ፣ በበርበሬ ጆንያ ላይ ተቀምጠው ነው የመጡት።

የመጡበትን ተናገሩ። የጉድጓድ መቆፈሪያው መኪና ዞኑ ውስጥ ገብቷል ሲባል ሰምተዋል። ወደኛ የሚመጣው መቼ ነው? ሕዝቡ ቀኑን ጠይቀሽ ነይ ብሎ ልኳቸዋል። አምና መሐንዲሶች መጥተው ቦታውን መርጠዋል፤ መኪናው እንዲያልፍ መንገዱን አስተካክሉ ተብለው ወንድ ሴት ሳይሉ ወጥተው አራት ኪሎ ሜትር ደልድለዋል። ድንጋዩን በእጃቸው ለቅመዋል። አሁን ቀኑን ብቻ ነው የሚፈልጉት።

ይትባረክ፣ ይቀመጡ እትዬ፣ አለና የቀበሌውን ስም ጻፈ። ሰርዶ በር። መስመሩ ወጣ። አረንጓዴ።

መጀመሪያ አልገባውም። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ የገዛ እጁን ሥራ አላወቀውም። ማሽኑን አመነ።

«እትዬ፣ እዚህ እኮ ውሃ አላችሁ ይላል» አላቸው።

«የት?»

«እዚህ። ይኸው፣ አገልግሎት ይሰጣል ይላል።»

እትዬ ዘርትሁን ከወንበሩ ተነስተው ስክሪኑ ላይ ጎንበስ አሉ። ማንበብ አይችሉም፤ ግን አረንጓዴውን አዩት። ቆይተው ቀና አሉ። አልተቆጡም። ድምፃቸውን እንኳ አላነሱም።

«እንግዲያውስ ከሱ አንድ ጣሳ አምጣና አጠጣኝ፣ ልጄ። ከአይሱዙ ላይ ነው የወረድኩት፣ ጠምቶኛል።»

ጎን ጠረጴዛ ላይ የነበረችው ጸሐፊ ሳቀች። ከዚያ የይትባረክን ፊት አየችና ሳቋ እመንገድ ቀረ።

ምክንያቱም በዚያች ሰዓት ሁሉም ነገር መጣለት። ሳጥኗ። ከየት ወዴት። ቁልፉ ሲንቀጫቀጭ። ለጊዜው ነው ያለው።

እሳቸው ይናገራሉ። ምንጩ ከሚያዝያ ወዲህ ጭቃ መሆኑን፣ ከብትና ሰው አብረው እንደሚጠጡ፣ ትልልቆቹ ሴት ልጆች ጀሪካን ይዘው ሌላ ቀበሌ ስለሚወርዱ ትምህርት ቤት መሄድ እንደተዉ። ክረምቱ ከገባ መንገዱ ይቆረጣል፤ መቆፈሪያው አሁን ካልመጣ ለሚመጣው ዓመት ነው። እሱ ሰማ? ሰማ። ግን የሚሰማው ሌላ ነገርም ነበር። መቆፈሪያው የት የት እንደሚሄድ ያወጣው ማን ነው? ክልሉ። ከምን አይቶ? ከመዝገቡ። «አገልግሎት አይሰጥም» የሚለውን መርጦ። ሰርዶ በር ደግሞ ይሰጣል።

አጣራለሁ፣ አላቸው። ማጣራቱ ስንት ቀን ይፈጃል? አሉት። እደውልልዎታለሁ አለ። የሚደወልላቸውን የጎረቤት ስልክ ቁጥር አጽፈው፣ የሱንም ይዘው፣ አይሱዙው ሳያመልጣቸው ወጡ።

ወገኖቼ፣ ከዚያ በኋላ ያ ሰው መቀመጥ አቃተው።

ተነሳ፣ መስኮቱ ጋ ሄደ፣ ተመለሰ። የመቶ አርባ ሦስቱን ዝርዝር አወጣና የቀበሌዎቹን ስም ማንበብ ጀመረ። ያነባል፣ ይነሳል፣ ይዞራል። ምሳ ቀረበለት፣ ሁለት ጉርሻ ጎርሶ ተወው። ለመቆፈሪያው ቡድን መሪ ለጋሽ ድንቁ ደወለ። ጋሽ ድንቁ እየሳቁ፣ ሁለት ቦታ ቀርቶናል፣ ዓርብ ወደ ሌላ ዞን እንሻገራለን፣ ሰማዩን አታየውም እንዴ አሉት። አየው። በምሥራቅ በኩል ደመናው መቆለል ጀምሯል።

ማክሰኞ ነው። እስከ ዓርብ ሦስት ቀን።

ረቡዕ ማለዳ የጓደኛውን ሞተር ለምኖ ሰርዶ በር ሄደ። ለምን እንደሄደ ብትጠይቁት አያውቅም። ምናልባት ማሽኑ እውነቱን ቢሆንስ ብሎ ይሆናል። ሰው እንዲህ ነው፣ በገዛ እጁ የሠራውን ውሸት ተስፋ ያደርጋል።

ዋናውን አስፋልት ለቆ ሲታጠፍ መንገዱን አየው፣ ሕዝቡ የደለደለውን። እንደ ምንጣፍ ነው። ግራና ቀኙ በተለቀመ ድንጋይ ተክቧል። ላዩ ላይ የአህያና የሰው ዱካ ብቻ። አንድም ጎማ አላለፈበትም። የሱ ሞተር የመጀመሪያው ነው። ያ ለስላሳ አፈር ላይ መስመር እያሰመረ አራት ኪሎ ሜትር ነዳ።

እትዬ ዘርትሁን ሲያዩት ፊታቸው በራ፤ ቀኑን ይዞልን መጣ ብለው ነዋ። ሰው ተሰበሰበ። ውሃ በጣሳ አመጡለት፣ ለእንግዳ ደንብ ነው። ጣሳው ውስጥ አየ። ሻይ ይመስላል። ሁሉም ዙሪያውን ቆመው ያዩታል። ጠጣው። ምን ያድርግ? መቶ አርባ ሦስት መስመር አረንጓዴ ያደረገው ሰው ያንን ውሃ አልጠጣም ይበል?

ቀኑን ግን አልነገራቸውም። ገና ነው፣ እያየን ነው፣ እያለ ተነሳ።

ከሰዓት አቶ ሽመክት ቢሮ ገባና ሁሉንም ዘረገፈው። አቶ ሽመክት ብድግ ብለው በሩን ዘጉ። ክፉ ሰው እንዳይመስሏችሁ፤ ሲቪል ሰርቪስ ውስጥ ሃያ ስድስት ዓመት የኖሩ፣ የሠራተኛ ለቅሶ የማይቀሩ ሰው ናቸው። እስከ መጨረሻው ሰሙት። መረጃው ስህተት ነው ብለን ከጻፍን አንዱ ብቻ አይደለም የሚወጣው፣ መቶ አርባ ሦስቱም ነው፣ አሉት። አንደኛ የወጣ ዞን ሐሰት አቀረበ ይባላል። ደግሞስ ማን ተጠቀመ? ማን ሰረቀ? ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«ስማ። ጋሽ ድንቁ ጋ ሁለት ቦታ ቀርቷል አላልክም? አንዱን ይሰጣል በለው፣ ሰርዶ በርን አይሰጥም በለው። ሁለት ቃል ነው የምትቀይረው። ሴትዮዋም ውሃዋን ታገኛለች፣ አንተም ትተኛለህ።»

አያችሁ ፈተናው እንዴት አምሮ እንደመጣ? ደግ መስሎ እኮ ነው የመጣው! የሰርዶ በርን ሕዝብ ላድን ብሎ ነው የመጣው!

ይትባረክ ወደ ጠረጴዛው ተመለሰ። የቀሩትን ሁለት ቦታዎች አወጣ። አንደኛው ወይን ዋሻ የሚባል ቀበሌ ነው። ሄዶበት አያውቅም። አንድ ቃል መለወጥ ነው፤ ማንም አያውቅም። እጁ ማውሱ ላይ ሄደ። ተመለሰ። እዚያስ አለ በልቡ፣ እዚያስ መንገድ የደለደለ ሰው የለም? እዚያስ በበርበሬ ጆንያ ላይ ተቀምጣ ቀን ልትጠይቅ የምትመጣ ሴት የለችም? ፊቷን ስላላየሁት ነው ውሃዋን የምወስድባት?

ተነሳ። ተቀመጠ። ላብ አጠመቀው። ጸሐፊዋ፣ አሞሃል እንዴ፣ ሐኪም ቤት ሂድ እንጂ አለችው።

ከዚያ ፕሮግራሙን ከፈተና ያቺን የምትገለብጠውን ሳጥን ከመስመሩ ላይ ነቀላት።

ስክሪኑ ቀላ። መቶ አርባ ሦስት ጊዜ ቀላ። ደብዳቤ ጻፈ፣ በገዛ ስሙ፤ እነዚህ ጉድጓዶች አልታዩም፣ የተሞላው ከዕቅዱ ላይ የተገለበጠ ነው፣ ያደረግኩትም እኔ ነኝ ብሎ። ለክልሉ ላከው። አንዱን ግልባጭ አቶ ሽመክት ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠ። አቶ ሽመክት አነበቡትና መነጽራቸውን አወለቁ። እስከ ዛሬ አላናገሩትም።

እዚህ ጋ እልል በሉ ልበላችሁ? ታሪኩ እዚህ ቢያልቅ ደስ ይለኝ ነበር። ብዙ ሰባኪ እዚህ ጋ ያቆመዋል። አላለቀም ግን።

ክልሉ ደወለ፣ ተቆጣ፣ ጮኸ። ሲረጋጋ፣ በአንድ ቀን ውስጥ መቶ አርባ ሦስቱም ቀበሌ በስልክ ይጠየቅ አለ። ይትባረክና ጸሐፊዋ ሐሙስን ሙሉ ስልክ ላይ ዋሉ። ውሃ አላችሁ? አለን። ውሃ አላችሁ? ነበረን፣ ተሰበረ። ውሃ አላችሁ? ማን ልኮህ ነው የምትቀልድብን? ጆሯቸው ጋለ። ማምሻውን ሲደምሩት ሰማንያ ስምንቱ ውሃ አላቸው፣ ሃምሳ አምስቱ የላቸውም። ሃምሳ አምስት። እሱ ያየው ፊት የአንዱን ብቻ ነው።

ክልሉ ጋሽ ድንቁን ለመነ። ጋሽ ድንቁ አጉረመረሙና፣ አንድ ቦታ እጨምራለሁ፣ ሁለተኛ አትጠይቁኝ፣ ዝናቡ ከያዘኝ መኪናውን የምታወጡት እናንተ ናችሁ አሉ።

አንድ ቦታ። ከሃምሳ አምስት።

የት ይሁን? ክልሉ ሁሉንም መዘነ፣ አሁን እውነተኛውን ይዞ። ከሰርዶ በር ማዶ፣ ከሸለቆው ወዲያ፣ አሻግሬ የሚባል ቀበሌ አለ፤ እዚያ አተት ገብቷል፣ ጤና ኬላው ውሃ አጥቶ ተዘግቷል፣ ሁለት ሕፃናት ሞተዋል። ውሳኔው ሐሙስ ማታ በመልእክት መጣ። አሻግሬ።

ትክክል ነው? ትክክል ነው። ይትባረክ ራሱ ቢመዝን አሻግሬን ነበር የሚመርጠው። ትክክል ስለሆነም ነው መላ ያጣው።

ቅዳሜ ጠዋት ስልኩ ጮኸ። ያ የጎረቤት ቁጥር ነው። አነሳው።

እትዬ ዘርትሁን ናቸው። ትንፋሻቸው ቁርጥ ቁርጥ ይላል፤ ኔትወርክ ፍለጋ ጉብታ ወጥተው ነው የሚያወሩት። ከኋላቸው የብዙ ሰው ጫጫታ ይሰማል፤ አንዱ፣ ጠይቂው ጠይቂው ይላል።

«ልጄ፣ ከማዶ የትልቁ መኪና ድምፅ ይሰማል። ሕዝቡ መንገዱ ዳር ወጥቶ ቆሟል። ወደኛ ነው የሚመጣው?»

ይትባረክ ስልኩን እንደያዘ ብድግ አለ።

ምላሱ ላይ ምን እንደመጣ ታውቃላችሁ? «በቅርቡ ይመጣል፣ እትዬ።» ይቺ ናት የመጣችው። እንዴት ለስላሳ ናት! ለሳቸው ማጽናኛ፣ ለሱ ማረፊያ። ደግሞ ውሸት ናት? በዕቅድ እኮ አለ! በሚመጣው ዓመት ዕቅድ ላይ ሰርዶ በር ተጽፏል! ያንን ቃል ከዕቅዱ ላይ ወስዶ ዛሬ ላይ ማስቀመጥ ብቻ ነው። ከአንዱ ዓምድ ወደ ጎረቤቱ።

እዚህ ጋ ላቁመው። እትዬ ዘርትሁን ስልኩን ይዘው ይጠብቁን፣ አልረሳኋቸውም። እስቲ ወደናንተ ልዙር።

በየልባችን ሁለት ዓምድ አለ። አንደኛው «ላደርገው ያሰብኩት» ይላል። ሁለተኛው «ያደረግኩት» ይላል። የመጀመሪያው ሁሌም ሙሉ ነው! እኔ የኔን ባዶ ሆኖ አይቼው አላውቅም። የሁለተኛው ግን ባዶው ብዛቱ። ባዶ ደግሞ ያሳፍራል፣ ቀይ ይበራል፣ እንቅልፍ ይነሳል። ታዲያ ምን እናደርጋለን? ያቺን ሳጥን እንጎትታታለን።

የጓደኛህ እናት አረፉ ሲሉህ ከልብህ አዘንክ። ነገ ለቅሶ እደርሳለሁ አልክ። አልሄድክም። አርባቸው ወጣ። ዛሬ መንገድ ላይ ስታገኘው ግን እንደሄደ ሰው ነው የምታቅፈው። ጭራሽ ቀዝቀዝ ብሎ ሰላም ቢልህ ትቀየመዋለህ! ለምን? አንተ ዘንድ እኮ ለቅሶው ተደርሷል። አረንጓዴ ነው።

«በጸሎት እያሰብንሽ ነው» ብለሽ በስልክሽ ጻፍሽላት፣ ለዚያች ለታመመችው። እሷ አልቅሳ አመሰገነችሽ። አንቺም አሜን አልሽ። ስሟን ግን እግዚአብሔር ፊት አንዴ እንኳ አላነሳሽውም። ልታነሺው አስበሽ ነበር። አውቃለሁ፣ አስበሽ ነበር።

«እኔ እኮ ወንድሜን ይቅር ብዬዋለሁ።» መቼ? «በልቤ።» እሱስ ያውቃል? አራት ዓመት በሩን አልረገጥከውም። እሱ ዛሬም መንገድ ደልድሎ፣ ድንጋዩን ለቅሞ፣ ማዶ ማዶ እያየ ነው።

እናንተ፣ ስሙኝ። ያ ባዶ ቦታ ጠላታችሁ አልነበረም። ባዶው የሚጮኸው፣ «ሰው ላኩ፣ ማንም አላየኝም፣ ሂዱና እዩኝ» እያለ ነበር። አረንጓዴ ስናደርገው ጩኸቱን ነው የዘጋነው። ጥማቱ ግን እዚያው አለ። ሰርዶ በር ውስጥ አንዲት ጠብታ አልጨመረም።

ጌታ ፊት ስንቆምስ የቱን ዓምድ ያነብብናል? ያሰብነውን? እኔ እንጃ፣ ያሰብነውንም ያውቀዋል። ግን ከአንዱ ወደ ሌላው የገለበጥነውን ቃል እሱ ለይቶ ያውቀዋል፣ የትኛው በእግር ተሄዶበት እንደተጻፈ፣ የትኛው በሦስት ሰከንድ እንደተሞላ።

እውነት መናገር ደግሞ ወዲያው ውሃ አያመጣም። ይሄንን ደብቄ ልሰብካችሁ አልችልም። ይትባረክ እውነቱን ተናገረ፣ ከሥራው ወደ ዕቃ ግምጃ ቤት ተዛወረ፣ መኪናውም ማዶ ቀረ። ሰርዶ በር ይሄን ክረምት ያንኑ ሻይ የመሰለ ውሃ ትጠጣለች። አንዳንዴ እውነት የምትሰጠን ነገር ቢኖር ባዶውን ከባለቤቱ ጋር አብሮ መያዝ ብቻ ነው።

እሺ። ወደዚያች ቅዳሜ እንመለስ። ይትባረክ ስልኩን ጆሮው ላይ ይዞ ቆሟል። እትዬ ዘርትሁን ጉብታው ላይ ናቸው። ሕዝቡ መንገዱ ዳር ተደርድሯል፣ ሕፃናቱ ሁሉ ሳይቀሩ፤ የመኪናውን ድምፅ ይሰማሉ፣ እየራቀ ይሁን እየቀረበ ገና አልለዩትም።

«ልጄ? አለህ? ወደኛ ነው?» አሉ እንደገና።

እናንተንም እንደዚህ የሚጠብቃችሁ ሰው አለ፣ ስሙን እኔ ሳልናገር ታውቁታላችሁ። ዛሬ ከዚህ ስትወጡ ትደውሉለታላችሁ፣ ወይ እሱ ይደውላል። ስልኩ እጃችሁ ላይ ነው፣ ለስላሳዋም ቃል ምላሳችሁ ላይ ናት።

ምን ትሉታላችሁ?